የወፍ አልቦ፦ ባለቀለም የእግር ቀለበት አንዲትን ወፍ ከሺዎች መካከል የሚለየው እንዴት ነው?

በነሐሴና በመስከረም የአውሮፓን ብርድ የሚሸሹ ሽመሎች በሲናይና በናይል ሸለቆ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ከእነዚህም መካከል በሱዳንና በኢትዮጵያ ሜዳዎች ላይ አንበጣና ፌንጣ እየለቀሙ የሚሰነብቱ አሉ። ከመንጋው አንዷ እግሯ ላይ ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አጥልቃ ብትታይ፣ ያየ ገበሬ ወይም እረኛ መገረሙ አይቀርም። ነገሩ በመገረም ቢያበቃ ጉዳት አልነበረውም። በ2011 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ምልክት የተገኘበት አንድ ጥንብ አንሳ በሰላይነት ተጠርጥሮ ተይዟል፤ በ2012 ቱርክ ውስጥ ሞታ የተገኘች አንዲት ንብ በል ወፍ «እስራኤል» የሚል ቃል ያለበት የእግር ቀለበት ስለነበራት ሬሳዋ እስከ መመርመር ደርሷል፤ በ2013 ደግሞ ግብፅ ውስጥ ጀርባው ላይ የጉዞ መከታተያ የታሰረለት ሽመላ እንደ ተጠርጣሪ በፖሊስ እጅ ቆይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የወፍ ቀለበት ግን የሚያዳምጥም የሚያስተላልፍም ነገር የለበትም። ሥራው ለወፏ ስም ማውጣት ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ስሙ እንዴት እንደሚወጣ፣ ከሩቅ እንዴት እንደሚነበብና አንድ ሰው በትክክል ሲያነበው ምን እንደሚገኝበት ያስረዳል።

ቀለበቱ ምንድን ነው?

ሁለት ዓይነት ቀለበት አለ። የመጀመሪያው ቀላል የብረት ቀለበት ሲሆን፣ በላዩ ላይ ለዚያች ወፍ ብቻ የተሰጠ ቁጥርና ቀለበቱን የሰጠው ተቋም አድራሻ ተቀርጾበታል። ሁለተኛው ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራ ባለቀለም ቀለበት ነው። አያቶቻችን ከብር አሠርተው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያደርጉት የነበረውን አልቦ ያየ ሰው የቀለበቱን አቀማመጥ ለመገመት አይቸገርም፤ እግሩን ሳያጠብቅ ዙሪያውን ይዞራል፣ ከፍ ዝቅም ይላል፣ ነገር ግን በመዳፉ በኩል አይወልቅም።

ቀለበቱን የሚያስረው የሠለጠነና ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ትንንሽ ወፎች በዓይን በማይታይ ስስ መረብ ይያዛሉ፤ እንደ ሽመላ ያሉት ትልልቆቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገና ጫጩት ሳሉ ጎጇቸው ላይ እንዳሉ ይታሰርላቸዋል። ይህ የሚቻለው የወፍ እግር ከክንፏ ቀድሞ ሙሉ መጠኑን ስለሚይዝ ነው፤ ለመብረር ሳምንታት የሚቀራት ጫጩት እግሯ የትልቅ ወፍ እግር ያህላል፤ ስለዚህ ቀለበቱ በኋላ አይጠብባትም።

የብረቱ ቁጥር ካለ ቀለም ለምን አስፈለገ?

ቁጥር የተቀረጸበትን ቀለበት በሥርዓት መጠቀም የጀመረው ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር ነው። በመጀመሪያ የሞከረው የዚንክ ቀለበት ለወፎቹ ስለከበደ ትቶት፣ በ1899 ቪቦርግ በተባለችው ከተማ ስታርሊንግ የሚባሉ ወፎችን ይዞ የአሉሚኒየም ቀለበት አሰረላቸው። ከዚያ በፊት የወፎች ጉዞ የሚታወቀው በአጋጣሚ ነበር። ለምሳሌ በ1822 ሰሜን ጀርመን ውስጥ አንድ ሽመላ አንገቱ ላይ ከአፍሪካ የመጣ የእንጨት ጦር እንደተሰካ ተገኘ፤ ወፉ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል። ሽመሎች ክረምቱን (የአውሮፓን የብርድ ወራት) የት ይከርማሉ ለሚለው የቆየ ክርክር የመጀመሪያውን ተጨባጭ መልስ የሰጠው ያ ጦር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ወርዋሪው ሳያስበው የመጀመሪያውን የአፍሪካ «ቀለበት» አሰረ ማለት ነው።

የብረት ቀለበት ግን ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ጽሑፉ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በትንንሽ ወፎች ላይ ለማንበብ ወፏ እንደገና መያዝ ወይም ሞታ መገኘት አለባት። ትንንሽ ወፎች ደግሞ ሞተው የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው። መንጋውን በሙሉ መታወቂያ ሰጥቶ፣ መታወቂያውን ግን ኪሱ ውስጥ እንዲቀብረው እንደ ማዘዝ ይቆጠራል።

መፍትሔው መታወቂያውን እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ማሊያ ከሩቅ እንዲታይ ማድረግ ነበር። በዚህ ረገድ ስሟ በቅድሚያ ከሚነሣው አንዷ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሞርስ ናይስ ናት። በ1920ዎቹ መጨረሻ ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ በሚገኘው ቤቷ አጠገብ የሚኖሩትን ዘማሪ ድንቢጦች እየያዘች፣ ከብረቱ ቀለበት ጋር ከሴሉሎይድ የተሠሩ ባለቀለም ቀለበቶችን አሰረችላቸው። ከዚያ በኋላ መረቡ አላስፈለጋትም፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣመረ፣ ማን የማንን ድንበር እንደነጠቀ፣ ባለፈው ዓመት የነበረው ዘንድሮ መመለሱን በዓይኗ እያየች መመዝገብ ቻለች። በ1937 እና በ1943 ያሳተመቻቸው ጥናቶች የወፍን ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም የሚጠቅሷቸው ናቸው። የዩኒቨርሲቲ መምህር አልነበረችም፤ ቤቷን እያስተዳደረችና ልጆቿን እያሳደገች ነው ይህን የሠራችው።

በጥቂት ቀለሞች እንዴት ለሺዎች ስም ይወጣል?

ምስጢሩ ቀለሙን ከቦታው ጋር ማጣመር ነው። ለአንዲት ወፍ በእያንዳንዱ እግር ሁለት፣ በድምሩ አራት ቀለበት ይሰጣታል እንበል። አንዱ ብረቱ ነው፤ ሦስቱ ባለቀለም ናቸው። ስምንት ቀለሞች ካሉን ሦስቱ ቀለበቶች በ8 × 8 × 8፣ ማለትም በ512 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። ብረቱ ራሱ ከአራቱ ቦታዎች በአንዱ ሊውል ስለሚችል ይህ በአራት ተባዝቶ 2048 ይሆናል። «በግራ ቀይ ከላይ፣ ቢጫ ከታች፤ በቀኝ ሰማያዊ ከላይ፣ ብረት ከታች» የሚለው አንዲት ወፍ ናት፤ ቀዩና ቢጫው ቦታ ቢለዋወጡ ሌላ ወፍ ትሆናለች።

በተግባር ግን ቁጥሩ ያንሳል፤ ምክንያቱም በሩቅ የሚመሳሰሉ ቀለሞች፣ ለምሳሌ ብርቱካናማና ቀይ፣ አብረው እንዳይውሉ ይደረጋል። ለሁሉም ወፍ እኩል ቁጥር ያለው ቀለበት መስጠትም የዘዴው አካል ነው። ሁሉም አራት አራት ካላቸውና አንዲት ወፍ በሦስት ከታየች፣ አንዱ ወድቆባታል ማለት እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ አንዳንዶቹ ሦስት ሌሎቹ አራት ቢኖራቸው ግን ቀለበት የወደቀባት ወፍ ሳታውቀው የሌላዋን ስም ትወርስ ነበር።

ትልልቅ ወፎች ላይ ሌላ አማራጭ አለ፤ ሰፋ ያለ አንድ ባለቀለም ቀለበት ላይ ፊደላትና ቁጥሮች በጉልህ ይጻፋሉ። ይህ ከመኪና ታርጋ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንደለመድነው የታርጋው ቀለም መኪናው ታክሲ ይሁን የግል ይናገራል፣ ቁጥሩ ደግሞ የትኛው መኪና እንደሆነ ይለያል። በወፎችም ዘንድ እንዲሁ ነው። በአሜሪካ አህጉራት የባሕር ዳርቻ ወፎችን የሚያጠኑ ተቋማት ለየአገሩ ቀለም ተስማምተዋል፤ ብርቱካናማ የአርጀንቲና፣ ቀይ የቺሊ፣ ጥቁር አረንጓዴ የዩናይትድ ስቴትስ፣ ነጭ የካናዳ ነው። ቢ95 የሚል ጽሑፍ ያለበት ብርቱካናማ መለያ የነበረው አንድ ወፍ በ1995 አርጀንቲና ደቡብ ጫፍ ላይ ከተያዘ በኋላ ለብዙ ዓመታት በደቡብና በሰሜን አሜሪካ ዳርቻዎች እየታየ፣ በዕድሜው የበረረው ርቀት ከምድር እስከ ጨረቃ ካለው እንደሚበልጥ ተሰልቷል።

ጣና ዙሪያ ለሚኖር አንባቢ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የክሬን ወፍ ነው። (የግንባታው ማሽን ስሙን የወሰደው ከዚህች አንገተ ረጅም ወፍ ነው።) ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ የሚነሡ ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው እንደሚከርሙ በመከታተያ መሣሪያ ተረጋግጧል። አውሮፓ ውስጥ ለክሬኖች የሚሰጠው መለያ በእያንዳንዱ እግር ላይኛው ክፍል ሦስት ሦስት ቀለም ያለው ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር የግራው እግር አገሩን፣ የቀኙ ደግሞ ግለሰቧን ወፍ ያመለክታል።

ቀለበት የሚነበበው ከየት ወዴት ነው?

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ቀላል ነው፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ግራና ቀኝ። የሚመዘገበው የወፏ የራሷ ግራና ቀኝ ነው እንጂ የተመልካቹ አይደለም። ጀርባዋን ሰጥታ የቆመች ወፍ ግራዋ ከእኛ ግራ ጋር ይገጥማል፤ ፊቷን ያዞረች ወፍ ግን፣ ፊት ለፊታችን የቆመ ሰው ቀኝ እጁን ለሰላምታ ሲዘረጋ በእኛ ግራ በኩል እንደሚመጣው ሁሉ፣ ተገላብጣ ትታያለች። ልምድ ያላቸው ሰዎች እንኳ በችኮላ የሚሳሳቱት በዚህ ነው። በመካከሉ ወፏ ዞር ካለችና አንዱን እግሯን አጥፋ በሌላው ከቆመች ደግሞ ያየነው እግር የትኛው እንደሆነ በቀላሉ ይጠፋብናል።

ቀጥሎ ላይና ታች። የወፍ እግር መካከል ላይ ወደኋላ የሚታጠፍ መገጣጠሚያ አለ። ብዙ ሰው ጉልበት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቁርጭምጭሚቷ ነው። እውነተኛው ጉልበቷ ከላይ በላባ ተሸፍኖ አይታይም፤ እኛ እግር የምንለው አብዛኛው ክፍል በሰው አካል ቢሆን የውስጥ እግር አጥንት ነው። ቀለበት ከዚህ መገጣጠሚያ በላይም በታችም ሊታሰር ስለሚችል «ከላይ» ስንል ከመገጣጠሚያው በላይ ማለታችን ይሁን ወይስ ከሁለት ቀለበቶች የላይኛው፣ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። እንደ ሽመላ፣ ክሬንና ፍላሚንጎ ያሉት በላይኛው ክፍል ላይ የሚታሰርላቸው ታችኛው ውኃ፣ ጭቃና ሣር ውስጥ ስለሚደበቅ ነው። በእያንዳንዱ እግር ላይ ንባቡ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል።

ከዚያ ቀለሙ ራሱ አለ። ፕላስቲክ በፀሐይ ብዛት ይነጣል። ቢጫ ወደ ነጭ፣ ቀይ ወደ ሮዝ ይሄዳል፤ ጭቃ የለበሰ ነጭ ደግሞ ቢጫ ይመስላል። የማታ ፀሐይ ነጩን ሁሉ ወርቃማ ታደርገዋለች። ቀይንና አረንጓዴን በተፈጥሯቸው የማይለዩ ሰዎች መኖራቸውም አይረሳም። ፊደልና ቁጥር ያለበት ቀለበትም ከስሕተት ነፃ አይደለም፤ ስለዚህም ብዙ ፕሮጀክቶች ከዜሮ ጋር የሚምታታውን ክብ ፊደልና መሰል ቅርጾችን ከጅምሩ ይተዋሉ።

አንድ የተሳሳተ ንባብ ምን ያህል ይጎዳል?

አንባቢው «በሺህ መዝገብ ውስጥ አንድ ስሕተት ምን ያመጣል?» ሊል ይችላል። ስሕተቱ ግን እንደ ተራ የቁጥር ግድፈት አይደለም። ቀይን በብርቱካናማ ብለውጠው፣ ምናልባት ከአምስት ዓመት በፊት የሞተችን ወፍ ስም እየመዘገብኩ ነው። የሞተችው ወፍ በወረቀት ላይ ትነሣለች፤ ዕድሜዋ ይረዝማል፤ የመንጋው አማካይ ዕድሜም አብሮ ከፍ ይላል፤ ቁጥሯ እየተመናመነ ያለ ወፍ ደኅና የሆነች ትመስላለች። በእኔ አመለካከት በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ችሎታ የማየት ሳይሆን «ይህን አላየሁትም» ብሎ የመተው ችሎታ ነው። ያልተመዘገበ ንባብ ክፍተት ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ንባብ ግን ውሸት የሚመሰክር ሰነድ ነው።

ያልታየች ወፍ ሞታለች ማለት ነው?

አይደለም። በእድር ስብሰባ ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ አባል ሞቷል ተብሎ አይጻፍም፤ ታሞ፣ መንገድ ሄዶ ወይም ቅጣቱን ከፍዬ እገላገላለሁ ብሎ ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ሲመጣ ባለፈው ወርም በሕይወት እንደነበረ እናውቃለን። የወፍ ተመራማሪዎች ስሌት የቆመው በዚሁ አስተሳሰብ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። 100 ወፎች ቀለበት ታሰረላቸው እንበል። በሁለተኛው ዓመት 60 ታዩ። በሦስተኛው ዓመት 50 ታዩ፤ ከእነዚህ መካከል 40ዎቹ በሁለተኛውም ዓመት የታዩ፣ 10ሩ ግን በዚያ ዓመት ያልታዩ ናቸው። ሃምሳዎቹ ሁሉ በሁለተኛው ዓመት በሕይወት መኖራቸው አሁን የተረጋገጠ ነው፤ ከእነሱም የታዩት 40 ብቻ ስለሆኑ በዚያ ዓመት በሕይወት ያለችን ወፍ የማየት ዕድላችን 80 በመቶ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የታዩት 60ዎቹ የእውነተኛው ቁጥር 80 በመቶ ናቸው፤ እውነተኛው ቁጥር 75 ይሆናል። ከመቶው የሞቱት 40 ሳይሆኑ 25 ያህል ናቸው። የወፍ ዝርያ በአደጋ ላይ መሆኑ ወይም አለመሆኑ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት ልዩነት ነው። (እውነተኛው ስሌት ከዚህ የረቀቀ ነው፤ መሠረቱ ግን ይኸው ነው።)

ስም ከተሰጣቸው ወፎች ምን ተማርን?

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ከእኛው አህጉር ዳርቻ፣ ከሲሸልስ ደሴቶች የተገኘው ነው። ኩዚን 29 ሄክታር ገደማ ስፋት ያላት ትንሽ ደሴት ናት። በ1960ዎቹ የሲሸልስ ዋርብለር የምትባለው ቡናማ ትንሽ ወፍ በዓለም ላይ የቀራት እዚያ ብቻ ሲሆን ቁጥሯም ከ30 ያነሰ ነበር፤ ደሴቱ በኮኮናት ተክል ተሸፍኖ ስለነበር መኖሪያዋ ጠፍቶባት ነው። በ1968 ደሴቱ ለወፎች ጥበቃ ተገዝቶ የአገሩ ዛፎች እንደገና ሲያንሰራሩ፣ ወፏ በዝታ በ1980ዎቹ ከ300 በላይ ደረሰች፤ ደሴቱም ሞላ።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በደሴቱ ላይ ያሉት ወፎች ሁሉም ማለት በሚቻል ደረጃ አንድ የብረትና ሦስት ባለቀለም ቀለበቶች ታስረውላቸዋል። እነዚህ ወፎች ባሕሩን አቋርጠው የሚሄዱት እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ ከላይ ያየነው የእድሩ ችግር እዚህ የለም፤ ፈልገው ያጧት ወፍ በእርግጥ ሞታለች። አንድ ሙሉ ሕዝብ በስም ተመዝግቦ፣ ልደቱም ሞቱም እየታየ ማለት ነው።

የታየውም እንዲህ ነው። ብዙ ወጣት ወፎች፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ለራሳቸው ጎጆ ሳይወጡ ከወላጆቻቸው ጋር ቀርተው ታናናሾቻቸውን በማሳደግ ይረዳሉ። ቦታ በጠፋበት ደሴት አግብቶ መውጣት ስለማይቻል ቤት መቀመጥ ይሻላል፤ ይህ ለከተማ ወጣት አንባቢ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ነገር ግን ምግብ ባነሰበት ግዛት ውስጥ ቤት የምትቀር ሴት ልጅ ከምትረዳው ይልቅ የምትበላው ይበልጣል። ተመራማሪው ያን ኮምደርና ባልደረቦቹ በ1997 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ እናቶቹ ይህን እንዳወቁ ያህል፣ ምግብ በተትረፈረፈበት ግዛት የሚፈለፍሏት ጫጩት በአብዛኛው ሴት፣ በደኸየው ግዛት ደግሞ በአብዛኛው ወንድ ናት። በኋላም የደም ናሙና ሲመረመር፣ የጎጆው ባለቤት የሆነው ወንድ ልጆች ናቸው ተብለው ከተመዘገቡት ጫጩቶች 40 በመቶ ያህሉ የሌላ አባት ልጆች ሆነው ተገኙ። ቀለበቱ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ነገረን፤ የቀረውን የነገረን ደሙ ነው። ከኩዚን የተወሰዱ ወፎች ዛሬ በሌሎች የሲሸልስ ደሴቶችም ይኖራሉ፤ የትኞቹን ወፎች መውሰድ እንደሚሻልም የተመረጠው በዚሁ መዝገብ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሣ። አይስላንድ ውስጥ የሚራቡ ጅራተ ጥቁር ጎድዊት ወፎች ጥንዶቹ ክረምቱን በአማካይ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ተለያይተው ከርመው፣ በጸደይ ወደ አንድ ቦታ የሚመለሱት በአማካይ በሦስት ቀን ልዩነት እንደሆነ በ2004 የታተመ የባለቀለም ቀለበት ጥናት አሳይቷል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ሚድዌይ ደሴት ደግሞ ቻንድለር ሮቢንስ የተባለው አሜሪካዊ በ1956 የብረት ቀለበት ያሰረላትን አልባትሮስ የምትባል የባሕር ወፍ በ2002 እንደገና ያዛት። ቀለበቷ እያረጀ በየጊዜው ሲቀየር የቆየ ቢሆንም፣ የቁጥሮቹን ሰንሰለት በመዝገብ ወደኋላ ተከትሎ ያችው ወፍ መሆኗን ያረጋገጠው ራሱ ነው። ዛሬ ዜድ333 የሚል ቀይ ቀለበት አላት፤ «ዊዝደም» ይሏታል፤ በ2024 መጨረሻም ሰባ ዓመት አልፏት እንቁላል ጥላለች።

ቀለበቱ ወፏን አይጎዳትም?

አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሽመላ ሲሞቃት እግሯ ላይ ኩስ በመልቀቅ ራሷን ታቀዘቅዛለች፤ ኩሱ በቀለበቱና በቆዳው መካከል ከደረቀ ሊያቆስላት ይችላል። በዚሁ ምክንያት ተመሳሳይ ጠባይ ባላቸው የአሜሪካ ጥንብ አንሳዎች ላይ ከእግር ቀለበት ይልቅ የክንፍ ምልክት ይመረጣል። ፔንግዊኖች እግራቸው ለቀለበት ስለማይመች በክንፋቸው ላይ የብረት ማሰሪያ ይደረግላቸው ነበር፤ በ2011 የታተመ የአሥር ዓመት ጥናት ግን ማሰሪያ ያላቸው ንጉሥ ፔንግዊኖች ከሌላቸው 39 በመቶ ያነሰ ጫጩት እንዳፈሩና በሕይወት የመቆየት ዕድላቸውም እንደቀነሰ አሳየ። ይህ የክንፍ ማሰሪያ እንጂ የእግር ቀለበት አይደለም፤ ቢሆንም መለኪያው ራሱ የሚለካውን ነገር ሊያዛባ እንደሚችል ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ቀለሙስ? በ1980ዎቹ መጀመሪያ ናንሲ በርሊ የተባለች ተመራማሪ ዜብራ ፊንች የሚባሉት ትንንሽ ወፎች ሴቶቹ ቀይ ቀለበት ያጠለቁ ወንዶችን እንደሚመርጡ፣ አረንጓዴ ያጠለቁትን እንደሚሸሹ አሳትማ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በርከት ባሉ ወፎች ላይ የተደረገ ድጋሚ ሙከራ ግን ይህን ውጤት ሊያገኘው አልቻለም። ጉዳዩ እስኪለይ ድረስ ጥንቁቅ ተመራማሪ የወፏ የራሷ ጌጥ የሆነውን ቀለም ከቀለበቶቹ መካከል ማስወጣቱ አይከፋም።

ሳተላይት እያለ ቀለበት ምን ያደርጋል?

ቀለበት የሚናገረው አይቶ የሚያነብ ሰው ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ይህ ትልቁ ድክመቱ ነው። በ2002 ሶርያ ውስጥ ፓልሚራ አጠገብ ጠፍተዋል ተብለው የነበሩ ራሰ በራ የሰሜን አይቢስ የሚባሉ ሰባት ወፎች ተገኙ። ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ የታወቀው በ2006 ሦስቱ የሳተላይት መሣሪያ ሲታሰርላቸው ነው፤ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፈው የኢትዮጵያ ደጋ ላይ አረፉ። መሣሪያው ባይኖር ኖሮ ማንም የእግራቸውን ቀለበት ሊያነብ ወደዚያ ደጋ አይወጣም ነበር።

ሆኖም መሣሪያው ውድ ነው፤ ለትንንሽ ወፎች ይከብዳል፤ ባትሪው ያልቃል፤ ቀለበት ግን ርካሽ ሆኖ ለወፏ ዕድሜ ልክ ሊያገለግል ይችላል። ሁለቱ የሚመልሱት ጥያቄም የተለያየ ነው። መሣሪያው ጥቂት ወፎች በየሰዓቱ የት እንዳሉ ይነግረናል፤ ቀለበቱ ብዙ ወፎች ስንት ዓመት እንደኖሩ፣ ከማን ጋር እንደኖሩና የት እንደተመለሱ ይነግረናል። ደቡብ ፈረንሳይ ካማርግ ውስጥ ከ1977 ጀምሮ ለፍላሚንጎዎች ሲታሰር የኖረው ባለፊደል ቀለበት ከሩቅ በቴሌስኮፕ እየተነበበ የሰበሰበውን የሕይወት ታሪክ ማንም መሣሪያ እስካሁን አልተካውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። ባለቀለም ቀለበት የታየባቸው ቦታዎች በካርታ ላይ ሲነጠቡ አውሮፓ በነጥብ ይሸፈናል፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ነጥቡ እየሳሳ ይሄዳል። ይህ ወፎቹ የሉም ማለት አይደለም። ካርታው የሚያሳየው ወፍ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ቴሌስኮፕ የያዘ ሰው የት እንዳለም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ከጣና ዳር የሚላክ አንድ ንባብ ከጀርመን ከሚላኩ ብዙዎቹ የበለጠ አዲስ ነገር ሊናገር ይችላል።

ቀለበት ያላት ወፍ ባይ ምን ላድርግ?

ለመያዝ አይሞከር፤ ባለቀለሙ ቀለበት የተፈለሰፈው መያዝ እንዳያስፈልግ ነውና። በስልክም ቢሆን ፎቶ ያንሡ፤ ሁለቱም እግሮች የሚታዩበት ሥዕል ከመንቁሯ ሥዕል ይበልጣል። የወፏን ዓይነት፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ በየእግሩ ያለውን ቀለም ከላይ ወደ ታች፣ የብረቱን ቀለበት ቦታም ጭምር ይጻፉ። ሞታ ከተገኘች በብረቱ ላይ ያለውን ቁጥርና አድራሻ በሙሉ ይገልብጡ፤ የእንግሊዝ ቀለበቶች ላይ ለምሳሌ የለንደኑ የብሪቲሽ ሙዚየም ስም ሊገኝ ይችላል፤ ወፏ ግን ከሙዚየም አላመለጠችም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያየ ሰው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ወይም የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ማነጋገር ይችላል። እስራኤል ውስጥ ያሉ አንባቢዎች ወደ እኛ የሚመጡት ሽመሎችና ክሬኖች በላያቸው ስለሚያልፉ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የሁላ ሸለቆ በብርዱ ወራት በክሬን ይሞላል። ዋሺንግተንና ሜሪላንድ ያሉት ደግሞ የአሜሪካው የወፍ ቀለበት ቤተ ሙከራ ጎረቤታቸው ሎረል ውስጥ መሆኑን ብዙዎቹ አያውቁም። አውሮፓ ውስጥ የትኛው ቀለም የየትኛው ፕሮጀክት እንደሆነ የሚያሳይ ዝርዝር በኢንተርኔት ይገኛል።

መልሱ ሲመጣ ወፏ መቼና የት እንደተፈለፈለች ወይም እንደተያዘች፣ ከዚያ ወዲህ ማን የት እንዳያት የሚዘረዝር አጭር ታሪክ ይዞ ነው። ንባቡ ጎዶሎ ከሆነም እንደ ጎዶሎነቱ ይላክ፤ «ግራ፦ ሰማያዊ ከላይ፣ ነጭ ከታች፤ ቀኝ፦ በሣር ተሸፍኖ አልታየም» የሚል መዝገብ ሙሉ ዋጋ ያለው መዝገብ ነው።